የቶዋን ሸሚዝ

ወንድሜ ቶዋን ወደ ደቡብ ሲዘምት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስከሬኑ አልተገኘም። አንድ ጓዱ ያመጣልን ሸሚዙን ብቻ ነው። እናቴ ሳታጥበው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖረችው። የሞተበት ቀን ስለማይታወቅ ሙት ዓመቱን የምናስበው ከቤት በወጣበት ቀን ነበር። ያን ቀን ክዳኑን ከፈት አድርጋ አፍንጫዋን ታስጠጋና ወዲያው ትዘጋዋለች።

"ብዙ ከከፈትነው ጠረኑ ያልቃል" ትል ነበር።

አምና ማ የሚባለው ወንዛችን ሞልቶ ቤታችን ገባ። ቆርቆሮውን አቅፋ ጣሪያ ላይ ወጣች። ውሃው ከጎደለ በኋላ በአውራጃው ከተማ ያለው የጀግኖች ሙዚየም ኃላፊ፣ አቶ ኪየም፣ ቤታችን ድረስ መጣ።

"እማዬ፣ እዚህ ብል ይበላዋል። እኛ ጋ መቶ ዓመት ይኖራል" አላት።

እናቴ ቆርቆሮውን በመዳፏ ጠራረገች። "እኔስ ነገ ሟች ነኝ። ውሰደው" አለችው በመጨረሻ።

ዘንድሮ የሰማዕታት ቀን አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ተጠራን። ለቀብሯ ያስቀመጠችውን ቡናማ የሐር ልብስ ለበሰች። "ምነው እማ?" ብላት፣ "ልጄን ለማየት አይደል የምሄደው?" አለችኝ።

መጀመሪያ የጥንቶቹን ጀግኖች አለፍን። በዝሆን ላይ ሆነው ወራሪን የተዋጉት ሁለት እህትማማቾች ሐውልት፣ በወንዝ ውስጥ ተተክለው የጠላት መርከብ የቀደዱ ሹል እንጨቶች፣ ደረታቸውን የነፉ የነሐስ ጄኔራሎች። እናቴ አንዱን ቀና ብላ አየችው።

"ሰው ጀግና ሲሆን ይወፍራል መሰለኝ" አለች። "የኔውማ ሲሄድ አጥንቱ ይቆጠር ነበር።"

ሸሚዙ በመጨረሻው ክፍል፣ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ የወንድሜ ስም አለ። እናቴ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቆመች።

"ክፈትልኝ ልጄ" አለችው አቶ ኪየምን።

"አይፈቀድም ነበር፤ ግን ለእርስዎ..." ብሎ ቁልፉን አወጣ።

ሸሚዙን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ቀበረችበት። ቆየች። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ትከሻዋን ልይዝ ጠጋ አልኩ። ቀና ስትል ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"ሳሙና ነው" አለች።

አቶ ኪየም ፈገግ አለ። "አዎ እማዬ፣ በጥንቃቄ ነው ያጠብነው። ሻጋታ ነበረበት፣ እድፉም..."

"እድፉ ልጄ ነበር።"

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "ይቅርታ እማዬ፣ እኔ... ብናውቅ ኖሮ..." እያለ ተንተባተበ።

"ምን ታረግ፣ ሥራህ ነው" አለችና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክላ መለሰችለት።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። "እንዴት ሳትጠይቁን! ስጡን፣ ወደ ቤት እንውሰደው!" ብዬ ጮህኩ። እንግዶቹ ዞረው አዩን። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"ተይ ኒየን። ምኑን ነው የምንወስደው? ጨርቁን?"

ከዚያ አበባ ሰጧት። ከባለሥልጣኖቹ ጋር ሸሚዙ ፊት ፎቶ ተነሣች። ምሳ ላይ አንድ ሹም ስለ ቶዋን ጀግንነት ሲናገር ሁሉም አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች። ሩዙን ግን አልነካችውም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ዳክዬ በጫኑ ገበያተኞች ተጨናንቆ ነበር። አበባውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ታያለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ዞር አለች።

"ድምፁን ታስታውሺዋለሽ?"

"አዎ እማ" አልኳት ቶሎ ብዬ።

"ምን ይመስል ነበር? እኔ ጠፋኝ።"

ዓይኗ እንደ ለማኝ ዓይን አፌ ላይ ተተከለ። የማስታውሰው የተሸከመኝ ጀርባውን ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም። ብዙ ፈለግሁ፤ አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁም።

"ወፈር ያለ ነበር" አልኩ፤ ለራሴም ውሸት ሆኖ ተሰማኝ።

"አልነበረም" አለች በቀስታ። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ ወዲህ ስሙን ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም።