የተጠባባቂዎች ምድብ

ኑሃሚን ከደብረ ብርሃን አርባ ምንጭ የመጣችው ፊዚዮቴራፒ ለመማር ነበር፤ ተመረቀችና እዚያው ቀረች። ሥራ ፍለጋ ተንከራትታ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል የቀጠሯት ዶክተር ዘርአብሩክ ናቸው። ዶክተሩ አንገታቸው ተጣሞ የሚወለዱ ሕፃናትን ያጠናሉ። ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለዋቸዋል። የአንደኛው ምድብ ልጆች አንገታቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጅ እየተሳበ ይፍታታል፤ ሌሎቹ እየተለኩ ብቻ ይጠብቃሉ።

«አንዳንዱ በራሱ ይቃናል» ይላሉ ዶክተሩ። «ሁሉንም ካፍታታን፣ ያዳናቸው እጃችን ይሁን ጊዜው በምን እናውቃለን? ግማሽ ዓመት ሲሞላቸው እነሱም ይጀምራሉ።»

ሸዋነሽ የበኩር ልጇን ሕዝቅኤልን አዝላ ከላንቴ መንደር ስትመጣ ዕጣው ከተጠባባቂዎቹ ጣላት። የልጁ ራስ ወደ ቀኝ ትከሻው ተደፍቷል፤ አገጩ ወደ ግራ ዞሯል። ጡት የሚይዘው በአንድ በኩል ብቻ ነው። አማቷ እርግማን ነው ብላ አልታቀፈውም ካለች ቆይታለች።

አንድ ቀን ሸዋነሽ ተራዋን ስትጠብቅ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ኑሃሚን የሌላ ሴት ልጅ አስተኝታ፣ በአንድ እጇ ትከሻውን ይዛ በሌላው ራሱን ቀስ አድርጋ ወደ ማዶ ትስበዋለች። ያ ልጅ ባለፈው ልክ እንደ ሕዝቅኤል ነበር። አሁን አንገቱ ቀና ብሏል።

«ሲስተር፣ ለኔም ልጅ እንደዚያ አድርጊለት» አለች ተራዋ ሲደርስ።

«የእሱ ጊዜ አልደረሰም።»

«እንግዲያው አሳዪኝና ቤቴ ላድርገው። እጄ ጠንካራ ነው፤ ሙዝ ተሸክሜ ነው ያደግኩት።»

ለኑሃሚን ማሳየቱ የአፍታ ሥራ ነበር። ዶክተሩ ዘንድ ገብታ እናትየዋ መጨነቋንና አሳዪኝ ማለቷን ነገረቻቸው።

«የማይጨነቅ እናት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። «አንዷን ካስተማርሽ ጥናቱ ገደል ገባ። አንቺም ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

ተመልሳ መጣችና «እንዳትነኪው፤ በራሱ ይቃናል» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲያ በሩን እየዘጋች ትሠራ ጀመር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሸዋነሽ ቀረች። ከሳምንት በኋላ ከባሏ ጋር በባጃጅ መጣች። ሕዝቅኤል ከማልቀሱ ብዛት ድምፁ ሰልሏል። ኑሃሚን መጠቅለያውን ስትገልጥ ቀኝ ክንዱ እንደ ጨርቅ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጣቱን ቆነጠጠችው። አልተንቀሳቀሰም።

«አንቺ ስታደርጊ እንዳየሁት አደረግኩ» አለች ሸዋነሽ። «አልቃና ሲለኝ ባሌ ትከሻውን ወደ ታች ያዘ፣ እኔ ራሱን ሳብኩ። ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እጁ አይነሳም።»

ኑሃሚን ወዲያው ገባት። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ተጎድተዋል፤ ምናልባትም ተበጥሰዋል። ዶክተሩን ጠራች። መጥተው ክንዱን አንዴ አንስተው ለቀቁት።

«የተነካ ልጅ ተጠባባቂ አይባልም» አሏት። «ከጥናቱ ይውጣ። ሆስፒታል ላኪያቸው።» ይህን ብለው ወጡ።

«ሲስተር፣ እጁ ይመለሳል?»

ባልየው ኑሃሚንን ዓይን ዓይኗን ያያታል። ፈራች።

«አትንኪው ብዬሽ አልነበረም?» አለች ሸዋነሽን፣ ጮክ ብላ።

ባልየው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ተነግሮሽ ነበር?»

ሸዋነሽ አንገቷን ደፋች።

«እኔን ግን ያዝ አልሽኝ» አለና ወጣ። የባጃጁ ሞተር ተነሣ፤ ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ኑሃሚን የሆስፒታሉን መላኪያ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ሸዋነሽ የልጁን ክንድ በነጠላዋ ጫፍ ከደረቱ ጋር ቀስ አድርጋ አሰረችው። ልትወጣ ስትል ቆም አለች።

«ይቅር በዪኝ ሲስተር፤ ቃልሽን አልሰማሁም።»

«እሺ» አለች ኑሃሚን። «አሁን ሂጂ፤ ይመሽብሻል።»