ቦያችንን አትንኩብን

ፖሊክሴኒ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አርባውን የሰው ሱሪ ስታሳጥር ነው ያሳለፈችው። አንድ ነገር ከያዘች ሳትጨርስ አትለቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይዛ ያልለቀቀችው ነገር ደግሞ ውሃ ነበር፤ ከተራራው ተነሥቶ ሰፈሩን መሃል ለመሃል አቋርጦ፣ በወንድሟ በቲሞሌዎን ቤት ጀርባ ታጥፎ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ውሃ። በበጋ የእንቁራሪት እግር እንኳ አያረጥብም። የአገሩ ዝናብ በሚገባበት በኅዳር ሲመጣ ግን ሰፊ መንገድ ይፈልጋል።

ቲሞሌዎን የሚኖረው ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ቤት ነው። መርከብ ሲጠግን ብረት እግሩን ከጨፈለቀው ወዲህ ያለ ክራንች አይንቀሳቀስም። ከመስኮቱ ውጪ ሸንበቆና አንድ የበለስ ዛፍ አለ፤ ውሃው ሲሞላ የሚተኛው እዚያ ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ ታዲያ ውሃውን በቱቦ ቀብሮ፣ በላዩ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ተነሣ። ቱቦው ከጠበበው ውሃው የሚገባው በወንድሟ መስኮት ነው። ፖሊክሴኒን እንቅልፍ የነሣት ይህ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አጭር ነው። ጅረት ከሆነ ግራና ቀኙን ሃያ ሜትር ድረስ ማንም አይሠራበትም። ሰው የቆፈረው ቦይ ከሆነ ግን መድፈን ይቻላል።

አቤቱታውን በእጇ ጻፈችና ቤት ለቤት ዞረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት ፈርሜልሽ የለም እንዴ?» አላት ዳቦ ጋጋሪው።

«አንተማ ፈርመሃል። ሚስትህ እጅ የላትም?»

መቶ አርባ ሦስት ፊርማ ሰበሰበች። ሰኞ ረፋድ ላይ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች፤ ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። የተቋራጩ ጠበቃ ተነሣ። ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ፣ ትሕትናው የሚያናድድ ልጅ ነው።

«እኔ ብዙ አልናገርም» አለ። «የወይዘሮ ፖሊክሴኒን ጽሑፍ ላንብብላችሁ። "ቦያችንን አትንኩብን። እናቶቻችን ከቦያችን ዳር ጎመን ለቅመው አሳድገውናል…" አሥራ አንድ ጊዜ ቦይ ይላል። ጅረት የሚል አንድም የለውም። ቦይ ለመሆኑ መቶ አርባ ሦስት ነዋሪ ፈርሟል።»

ፖሊክሴኒ ፊቷ ደም ለበሰ። ሰፈሩ ከአያት ጀምሮ ቦያችን እያለ ነው የሚጠራው፤ ጅረት የሚለው ቃል ያለው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው።

«እሱማ የቤት ስሙ ነው!» አለች። «ወንድሜንም በርሜል ነው የምንለው። በርሜል ነው ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላም መዝገብ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው አለ። ማን እንደቆፈረው የጠየቀ ሰው አልነበረም። እጅ ወጣ፤ ቦይ ነው ተባለ።

ቲሞሌዎን ሲሰማ «አሥራ አንድ ጊዜ?» አላት። «አንዱን እንኳ ብትስቺ ምን ነበረበት?»

«እኔ ጋ ግባ።»

«ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ አሳንሰር፣ በአንድ እግር? ተይኝ እባክሽ። በርሜል አይደለሁ? እንሳፈፋለሁ።»

ቱቦው ተቀበረ፣ በለሱ ተቆረጠ፣ አስፋልቱ ተነጠፈ። የመጀመሪያው ኅዳር በደህና አለፈ። በሁለተኛው ኅዳር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ፖሊክሴኒ የሰው ሱሪ እየተኮሰች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«መጣ» አላት ቲሞሌዎን።

«ማን?»

«ቦያችን።»

መተኮሻውን ሳትነቅል፣ በቤት ጫማዋ ሮጠች። የቆሙት መኪኖች እርስ በርስ እየተላተሙ ይንሳፈፋሉ። የወንድሟ መስኮት የነበረበት ቦታ ቡናማ ውሃ ብቻ ነበር። እሳት አደጋዎች ቲሞሌዎንን ያወጡት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ክራንቹ አልተገኘም።

አርባው ከወጣ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ የሞት ማስረጃውን እንድትፈርም ጠራት። መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ሟቹ ጅረቱ ከመጠን በላይ በመሙላቱ…» ይላል። መልሳ አነበበችው።

«ይህን ቃል ማን ጻፈው?»

«የትኛውን?» አለች ጸሐፊዋ።

«ጅረት የሚለውን።»

«ቅጹ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ወይዘሮ። ቦይ የሚል ምርጫ የለውም።» ጸሐፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው ከሞተበት ጅረት ነው የሚባለው።»

ፖሊክሴኒ በዚያች ሰዓት ሁሉንም ጠላች፤ ጠበቃውን፣ የሳቀውን አዳራሽ፣ ከሁሉም በላይ ግን አሥራ አንድ ጊዜ ቦይ ብላ የጻፈችበትን የገዛ እጇን። ጸሐፊዋ የፊርማውን ቦታ በጣቷ አሳየቻት። በዚያው እጇ ፈረመች።