ለአደም የሚናገር ስልክ

አደም ዕድሜውን ሙሉ በደብረ ታቦር ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ከእብናት የሚመጡ ሴቶች ሱቁን የሚያገኙት በድምፁ ነበር። ሲከራከርም ሲስቅም ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ጉሮሮው ታሞ ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ ማንቁርቱን ግን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ውስጥ በገባች ትንሽ ቱቦ ነው። ድምፅ የሚባል ነገር የለውም።

መጻፍ ይችላል። ችግሩ ሚስቱ ፋጡማ ማንበብ አለመቻሏ ነው። አንዲት ልጃቸው ኑሪያ አንበሳሜ ከተማ ስለምታስተምር ወደ ቤት የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት ባልና ሚስቱ በእጅ ምልክት ይግባባሉ፤ ካልሆነም ዝም ይላሉ። አደም ለፋጡማ የሚጽፈው ሁሉ ጎረቤታቸው ስርጉት መጥታ እስክታነብላት ይጠብቃል።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቱቦው ተደፈነ። አደም እየታነቀ የቱቦውን ማጽጃ እንድታቀብለው ጻፈላት። ፋጡማ ወረቀቱን ጨብጣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ስርጉት ቤት ሮጠች። ስርጉት የራሰውን ወረቀት እንደምንም አንብባ ሁለቱ ሲመለሱ አደም ቱቦውን በገዛ እጁ ነቅሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መሬት ላይ ተዘርፍጦ አገኙት። ማጽጃው ፋጡማ ተቀምጣበት ከነበረው ቦታ በላይ፣ መስኮቱ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አደም እስክርቢቶ አልነካም። ሱቁን ወንድሙ ሬድዋን ይከፍተው ጀመር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ኑሪያ መጥታ ብትለምነው፣ ብታለቅስበትም፣ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልሰጣትም። ፋጡማ ልጇን ወደ ጓዳ ወስዳ፣ "ሰው ሲሞት እንኳ ተለቅሶ ይወጣል" አለቻት። "እኔ ግን በሕይወት ካለ ሰው ጋር ለቅሶ ተቀምጫለሁ።"

ኑሪያ የጻፉትን የሚያነብ ስልክ እንዳለ ሰምታ ነበር። መጀመሪያ የሄደችው ገበያው ውስጥ ስልክ ወደሚሸጠው ወደ ነጂብ ነው። ነጂብ ክፉ ሰው አይደለም፤ አደምንም ይወደዋል። አዲስ የገባ ስልክ አውጥቶ ከዚህ የተሻለ ደብረ ታቦር ውስጥ እንደማይገኝ ነገራት። ኑሪያ እዚያው ቆማ "አሰላሙ አለይኩም" ብላ ብትጽፍበት ስልኩ ጥርት ባለ ድምፅ ተናገረ። እንባዋ መጣ። ያላትን ሁሉ አውጥታ ገዛችው።

ቤት ስትደርስ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል። ስልኩ ጭጭ አለ። አደም ደጋግሞ ነካካው፣ ጠበቀው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠውና ጋቢውን ራሱ ላይ ሳበ። ኑሪያ ስትመልሰው ነጂብ አፈረ። ስለ ካሜራውና ስለ ባትሪው እንጂ ንግግሩ በኢንተርኔት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር ብሎ ማለላት።

ከዚያ በኋላ ያገኘችውን ሁሉ መጠየቅ ጀመረች። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ላፕቶፕ ግዢለት አላት። ስለ ኮምፒውተር ምክር በሚሰጡበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጭንቀቷን ጻፈች። እዚያ ያሉት የትኛው ስልክ ይበልጣል በሚል እርስ በርስ ተጣሉና እሷን ረሷት። አንዱ ከውጭ አገር የሚመጣ መሣሪያ ጠራላት። ሌላው እናትሽን ለምን ማንበብ አታስተምሪያትም ሲል ጻፈ። ተናደደች፤ ግን ሞከረችው። ፋጡማ ፊደሉን እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ስታየው፣ ዓይኗን ሞራ እንደጋረደው ኑሪያ ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

በመጨረሻ ደብረ ታቦር ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምር ሕይወት የምትባል የሐዋሳ ልጅ እንዳለች ነገሯት። ኑሪያ ቢሮዋ ደርሳ ነገሩን ቆማ ትነግራት ጀመር። ሕይወት ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻትና የስልክ ስም ሳታነሳ ጠየቀቻት።

"የሚሰማው ማን ነው? ምን ሊል ነው የሚፈልገው? ኔትወርክና መብራት ሲጠፋስ?"

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉንም መለሰችላት። ሕይወትም ሌላ ስልክ እንዳትገዛ መከረቻት። የሚያስፈልገው ድምፁን ራሱ ስልኩ ውስጥ የሚይዝ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎቿ የሚጠቀሙበት አንድ አላት፤ በአደም አሮጌ ስልክ ላይም ይሠራል።

"ድምፁ አያምርም፤ አልዋሽሽም" አለቻት። "የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደልም አይለይም። ለአጣዳፊ ነገር የሰው ድምፅ ቅጂለት።"

ሬድዋን ለወንድሙ ብሎ የአጣዳፊ ጊዜ ቃላቱን በድምፁ ቀዳ። አደም የመጀመሪያዋን ሲነካ፣ "ፋጡም፣ ነይማ" የሚል የሬድዋን ድምፅ ወጣ። አደም ስልኩን ደፋው። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክርቢቶ አንስቶ ለኑሪያ ጻፈላት፤ "ሚስቴን በወንድሜ አፍ አልጠራም።"

የቀረው የፕሮግራሙ የራሱ የማሽን ድምፅ ነበር። ደረቅ ነው፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ፋጡማ መጀመሪያ ስትሰማው ቢስሚላሂ ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያን ዕለት ሬድዋን ሱቅ መኖሩን ጠየቀችው። አደም "ሬድዋን አለ" ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ቃሉን ሳያጠብቅ አነበበው።

"ምን አለ?" አለች ፋጡማ።

የአደም ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ኑሪያ ታነቀ ብላ ዘላ ተነሳች። እየሳቀ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኑሪያ ጓዳ ሆና ልብስ ስታጥፍ የማሽኑን ድምፅ ከሳሎን ሰማች። አባቷ ጥቂት ቃል ይጽፋል፤ እናቷ ደግሞ ሳይጨርስ ትመልሳለች። ሱቁን ሊዘጋው ያሰበ መስሏት ታባብለው ነበር።

"ቆዪ። ልጨርስ" አለ ማሽኑ።

አደም ረጅም ጊዜ ጻፈ።

"ጆሮዬ ሥር እብጠት ወጥቷል። ከሰኔ ጀምሮ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ብጽፈው ስርጉት ታነበዋለች። ወይም ኑሪያ። ከማንም በፊት አንቺ እንድትሰሚው ነው የፈለግኩት።" ደግሞ ጨመረ። "ፈርቻለሁ።"

ማሽኑ ይህን ቃል የተናገረው ውኃ ስጪኝ በሚልበት በዚያው ድምፅ ነው። ኑሪያ ጩኸቷ እንዳያመልጣት ሻሿን ነከሰች። አባቷ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ እያየ የዋለው ተስፋ ቆርጦ ብቻ መስሏት ነበር። ለሚስቱ ብቻ የሚነገር ነገር ይዞ፣ የሚነግርበት አጥቶ ኖሯል። በኋላ ፋጡማ ወደ ጓዳ ገባች። ዓይኗ ደርቋል። ሰኞ ባሕር ዳር እንደሚሄዱ ነግራት የአደምን ልብስ ከእጇ ተቀበለቻት።

በሽታው ተመልሶ ነበር። ሐኪሙ ሕክምና ይጀመራል አለ እንጂ ይድናል የሚል ቃል አልወጣውም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። ከጎናቸው የተቀመጠችው ኑሪያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ውጭ ውጭውን ታያለች። አደም ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለፋጡማ ይጽፋል፤ ማሽኑ ያነባል። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ሬዲዮውን ቀነስ እንድታደርገው ፋጡማን በትሕትና ለመኗት።

"ሬዲዮ አይደለም አባቴ" አለች ፋጡማ። "ባለቤቴ ነው።"

ከዚያም ቃሉ እንዳያመልጣት ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠጋች።