ደመቀች ያነበበችው ደብተር

ወይዘሮ ደመቀች «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰበታ ላይ ቤት ሠርታ፣ ባሏን ቀብራ፣ የጓሮዋን ጎመን ለዓለም ገና ከተማ ነጋዴ እያቀረበች የኖረች ሴት ናት። የተማረ ሰው ሲንቃት ገና ከዓይኑ ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ ምላሷን የሚችለው የለም። ፊደል ግን አልቆጠረችም። ይህን ሰፈሩ አያውቅም። የቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ «መነጽሬ ጠፋብኝ፤ እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» ትላለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም።

በ2008 ክረምት ጁማና የምትባል ተማሪ ክፍል ተከራየቻት። ልጅቷ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ከየዩኒቨርሲቲው የተሰባሰቡ ተማሪዎች ከተማው ዳር በተከራዩት አዳራሽ ለሦስት ሳምንት ቶፖሎጂ ይማራሉ፦ ቅርፅ ቢለጠጥም ቢጣመምም የማይለወጥ ጠባዩን እያዩ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ ዘር እንደሆነ መለየት። ጁማና በመጨረሻ ለጓደኞቿና ለመምህራኑ የምታቀርበውን በእጇ በወፍራም ደብተር ጽፋዋለች። ሌላ ቅጂ የላትም።

ጊዜው ክፉ ነበር። የዙሪያውን ገበሬ መሬት ወደ አዲስ አበባ ያጠቃልላል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት ቢያልፉም ያመነ የለም። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ጎማ ይቃጠላል፣ ኢንተርኔቱ ጠፍቷል፣ የታሰረ ልጁን የሚፈልግ አባት በየጣቢያው ይንከራተታል። ወረቀትና ሜትር ይዞ የታየ ሁሉ መሬት ቆራጭ ነው።

አንድ ጠዋት ጁማና ሱቅ ብቅ ስትል ደመቀች ክፍሉን ልትጠርግ ገባች፤ ደብተሩን ገልጣም አየች። አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ነው። በየጠርዙ ቀስት፣ በየቀስቱ ሥር ፊደል። አምና አጥሯን የለኩት ቀያሾች የያዙት ወረቀት ልክ እንዲህ ነበር።

ብትጠይቃት ልጅቷ ደስ ብሏት ታስረዳት ነበር። መጠየቅ ግን አለማወቅን ማመን ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጎረቤቷ ኦቦ ዳዲ ዘንድ ሄደች።

«አካም ቡልቴ፣ ደመቀች?»

«ምን አድሬ! ያቺ ቤቴ ያስገባኋት ልጅ ቀያሽ ናት።»

«ማሎ! በምን አወቅሽ?»

«ደብተሯን አየሁታ!»

«አይተሽ ነው ወይስ አንብበሽ?»

ምናለ እዚህ ላይ አፏን ብትይዝ። «አንብቤ ነው እንጂ! የስንዴ ማሳህ ለሁለት ተቆርጧል። ስምህ ሳይቀር ተጽፏል።»

በማግስቱ ጠዋት ጁማና የምታቀርብበት ቀን ነበር። ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ኦቦ ዳዲና ስድስት ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘች።

«ልጄ፣ ደብተርሽን እንየው» አለ ኦቦ ዳዲ።

አውጥታ ሰጠችው። «የሒሳብ ነው፣ አባባ። ወላሂ መሬት የለበትም።»

«ቀስቱስ? ወደ ማን ቤት ነው የሚሄደው?» አለች ጎረቤታቸው ማሪቱ።

«ወደ ማንም። ይሄኛው ጎን ከዚያኛው ጋር ይጣበቃል ማለት ነው።»

«እሰይ! መሬቱን እንደ ፖስታ አጣጥፈው ሊወስዱት!»

ኦቦ ዳዲ ደብተሩን ለደመቀች ዘረጋላት። «አንቺ አንብበሽዋል። በይ የኔን ማሳ አሳዪኝ።»

ደመቀች ገጹ ላይ አፈጠጠች። ጁማና ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ ታውቃለች፤ ሁለት የቀበሌ ደብዳቤ እሷ ራሷ አንብባላታለች። «እማማ ማንበብ አይችሉም» ብትል እዚያው ነፃ ትወጣ ነበር።

«መነጽራቸው ጠፍቷል» አለች ጁማና ቀስ ብላ።

ደመቀች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አዎ፣ መነጽሬ...» የሚል ብቻ ነው።

«እንግዲያው የሚያነብ እስኪገኝ እኔ ጋ ይቆይ» ብሎ ኦቦ ዳዲ ደብተሩን ብብቱ ሥር ከተተው። ልጅቷ ባዶ እጇን በዝናብ ሄደች።

ደመቀች ቤት ገብታ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተቀመጠች። ዕድሜ ልኳን ለሰደባት ሁሉ እጥፍ አድርጋ ስትመልስ ኖራለች። ገመናዋን ለሸፈነችላት ልጅ ግን ውለታውን በምን ትመልስላት? ከሰዓት በኋላ መታገሥ አልቻለችም። ጎረቤቶቹ ኦቦ ዳዲ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ ደረሰች። አልተቀመጠችም።

«ማንበብ አልችልም።»

«ምን?»

«ፊደል አላውቅም! ማሳህን አላየሁም፣ ስምህንም አላየሁም። ዋሸሁ።»

«ታዲያ መነጽሩ፣ እትዬ ደመቀች?» አለች ማሪቱ።

«የለኝም! አሁን ደስ አለሽ?»

ኦቦ ዳዲ ተነሣ። ከዚያ ደብተሩን አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። «እኔም እኮ አላነብም» አለ። «አንቺ ታነቢያለሽ ብዬ ነው ያመንኩሽ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ባጃጅ ስላልነበረ ጭቃውን እየረገጠች በእግሯ አዳራሹ ደረሰች። ጁማና በረንዳው ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ደብተሩን ተቀበለቻት።

«ተናገርኩ» አለች ደመቀች። «አለመማሬን ለሁሉም ተናገርኩ። አንቺስ አቀረብሽ?»

«በቃሌ ሞከርኩ። መሃል ላይ ጠፋብኝና ተቀመጥኩ።»

«በይ ነይ፣ ቤት እንሂድ።»

«ከእንግዲህ እዚሁ ከተማሪዎቹ ጋር ነው የማድረው፣ እማማ።»

«ዳዲን ፈርተሽ ከሆነ፣ እሱ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው።»

ጁማና ደብተሩን እያየች «እሳቸውን አይደለም» አለች።

ደመቀች ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። የልጅቷን ሻንጣ ሰው ልካ ማስመጣት ትችል ነበር፤ ራሷ ሄደች፣ ልብሱን አጣጥፋ ከተተች፣ ተሸክማም ወጣች። ማሪቱ ከበሯ ሆና አየቻት።

«እትዬ ደመቀች! ልጅቷን አባረርሻት እንዴ?»

«አላባረርኳትም» አለች ደመቀች ሻንጣውን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዞረች። «ሸሽታኝ ነው።»