ሁለቱ ጠርሙሶች

፩

ማንኪያውን ካጠብኩ በኋላ ነው ያየሁት። በጠርሙሱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት፣ በውስጡ ነጭ ጽሑፍ። ሌላኛው ላይ የለም።

፪

ጠርሙሶቹን ያመጣችው ልጄ ሰናይት ናት፤ በቻይናዎች የመንገድ ሥራ ካምፕ አስተርጓሚ ናት። አንዱ ለልጇ ለሊያ ሳል፣ አንዱ ለእኔ ወገብ። የቱ ለማን እንደሆነ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሳል ስሰማ የሳንባ ምች ነው የሚታየኝ። ቸኮልኩ።

፫

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በፊደል የተጻፈ ቢሆን ባይገባኝም ጮክ ብዬ አነበው ነበር፤ የሰማ ይተረጉምልኛል። ይኼኛው የቻይና ጽሑፍ ግን ድምፁን አይሰጥም።

አንባቢዬ፣ የማታውቀውን ቃል ማንበብ መቻልህን አመስግነህ ታውቃለህ?

እኔም አላመሰገንኩም።

፬

ስልክ።

— እማዬ፣ ፎቶ ላኪልኝ።
— በዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ?
— እሺ፣ ቀዩ ውስጥ ያለውን እንደ ሥዕል ንገሪኝ።
— ግራው ጎበጥ ያለ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ጭረት አለ። ቀኙ ቋሚ እንጨት፣ ጎኑ ላይ አጭር ቅርንጫፍ።

በስልኩ ውስጥ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ተሰማኝ።

— አንቺ ልጅ!
— ሌላኛው ላይ ባዶ ሳጥን አለ? ብቻውን?
— አለ።
— እሱ «አፍ» ነው። የሚጠጣው እሱ ነው። ቀዩ «ውጭ» ነው፤ የሚቀባ! የቱን ሰጠሻት? እማዬ?

፭

የጤና ጣቢያው ቅጽ፦

ስም፦ ሊያ
ዕድሜ፦ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር
የወሰደችው፦

«ምን ይባላል፣ እናቴ?» አለችኝ ነርሷ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ሣልኩት። በጥድፊያ ስስለው ቅርንጫፉ ወደ ታች ወረደ።

«ፊርማ አይደለም እኮ የጠየቅኩዎት» አለች። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተች፤ ፊቷ ተለወጠ።

፮

አመሻሽ ላይ ሲለቁን የተሰጠ መመሪያ፦

እስከ ማታ ሦስት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ቀስቅሷት።
ጥያቄ ጠይቋት።
ከመለሰች፣ መልካም።
ካልመለሰች


፯

ሰናይት በካምፑ ገልባጭ መኪና ተሳፍራ ደረሰች። ስድቡን ስጠብቅ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በአማርኛ ልጽፍበት ይገባ ነበር» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

፰

ወደ ጤና ጣቢያው መሮጥ ቢመጣ ብለን በሩን ገርበብ አድርገን ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ሲሞላ የሊያን ትከሻ ነቀነቅኩ።

— ሊያዬ፣ ይቺ ማን ናት?

— እማዬ ናት።

ሰናይት ተነሥታ በሩን ቆለፈች።