የአንጋያክ ጀልባ ቀዳዳዎች

ባሌ አንጋያክ የሞተው የኩስኮክዊም ወንዝ በረዶ ተሰብሮ በሚወርድበት ሰሞን ነው። አርባው የዋለው ደግሞ ሳልመን ዓሣ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ስለነበር፣ በመንደሩ ቢላዋ ያልያዘ እጅ አልነበረም። ለእሱ ላደርግለት የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታችኛው መንደር ያለችው ዘመዳችን ኦሊንካ የወለደቻትን ሕፃን ማምጣት። ልጅቱ ስሙን ወስዳለች፤ በእኛ ዘንድ የሟችን ስም የወሰደ ሕፃን ሟቹ ራሱ ነው፣ እሷን ያለበሰ እሱን አለበሰ። በአርባው ቀን ከእጄ አዲስ ልብስ ካልለበሰች፣ እሱ ወዲያ ማዶ በብርድ ይቀራል። ልብሱን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ጀልባው ግን ያፈሳል።

አንጋያክ ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ጀልባውን ከውኃ ሲያወጣ እንደ ድሮው ብድግ አያደርገውም ነበር፤ በጠጠሩ ላይ ይጎትተዋል። አሉሚኒየሙ ከሆዱ በኩል ሳስቶ፣ እዚህም እዚያም መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አውጥቷል።

ዛካር መጣና ደጄ ላይ ቆመ።

«የወንድሜ ሚስት፣ ያንን ወንፊት ልድፈንልሽ ወይስ ዱቄት ልትነፊበት ነው?»

ዛካር የባሌ የአክስት ልጅ ነው። የአክስት ልጅ መቀለድ ሥራው ነው፤ ሞትም አይከለክለውም። አደፋፈኑንም አውቃለሁ። ጀልባውን ወንዝ ዳር ግንድ ላይ ያሳርፍና ውስጡን ውኃ ይሞላዋል፤ ከዚያ ከሥሩ ተንጋሎ የሚያንጠባጥበውን ሁሉ በከሰል ያከብበታል። ሴቱ ሁሉ ዓሣ ሊያጥብ የሚወርደው በዚያው ነው። የባሌ ጀልባ በሰው ፊት በየቦታው ሲያንጠባጥብ ታየኝ። «አንጋያክ መጨረሻ ላይ ጀልባውን እንኳ መያዝ አቅቶት ነበር» ሲባል ተሰማኝ።

«አያፈስም» አልኩት።

«አያፈስም? ታዲያ አምና በጣሳ ሲጨልፍ የከረመው ሾርባ ነው?»

«ሂድ ወደ መረብህ!»

እየሳቀ ሄደ። እኔ ጀልባውን ገልብጬ ሸራ አለበስኩትና በውስጡ በኩል ልደፍነው ከሥሩ ገባሁ። አንጋያክ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀዳዳው ዙሪያውን ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከተጠረገ በኋላ እጅ አይነካውም፤ ከሁለቱ ቱቦ የወጣው ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ እኩል ተለውሶ ወዲያው ይለጠፋል። ሁሉንም እንደዚያው አደረግሁ። ሸራው ሥር ግን ደብዘዝ ይላል። ከፈገፈግኩ በኋላ ቀዳዳዎቹ ጠፉብኝ፣ ስለዚህ በጣቴ እየዳሰስኩ ፈለግኋቸው። ጠዋቱን ሙሉ ዓሣ ስዘለዝል ነበር ያረፈድኩት። እጄን ታጥቤ ነበር፤ የሳልመን ስብ ግን በአንድ መታጠብ አይለቅም።

ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። በጥፍሬ ብሞክረው አልተነቃነቀም። ኮራሁ።

በአርባው ቀን ጠዋት ወደ ታች ወረድኩ። አንዲት ጠብታ አልገባም። ኦሊንካ ሕፃኗን ታቅፋ ወንዝ ዳር ጠበቀችኝ።

ሕፃኗን «ይኸው፣ ሚስትህ መጣችልህ» አለቻትና ሰጠችኝ።

«ደህና ነህ?» አልኩት ባሌን። ጭኔ ሞቀ።

«ባልሽ ሸናብሽ!» ኦሊንካ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ልኳ መሆኑን ላይ ብዬ ይዤው የወረድኩትን ልብስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከፊት፣ ከመቀመጫው ሥር አኑሬው ነበር። ሽቅብ ስንመለስ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ የጀልባውን ሆድ በጥፊ ይመታው ጀመር። መጀመሪያ እግሬ ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብል አንዱ ልጥፍ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቶ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ቀጥሎ ሌላው።

«ጣሳ የለም?» አለች ኦሊንካ።

አልነበረም። አያፈስም ብዬ አውጥቼው ነበር። ሕፃኗን ለእኔ አስታቅፋ በጫማዋ ጨለፈች። ጥቅሉን ብድግ ባደርገው ከባድ ሆኗል፤ ከውኃው ጋር የሞተሩ ቤንዚን ገብቶበታል።

ቅርቡ ዳርቻ የዛካር የዓሣ ማጥመጃ ሠፈር ነበር። ሲያየን እየተጣደፈ ወርዶ ጀልባውን ያዘ።

«ኧረ የወንድሜ ሚስት! ወንዙን ጭነሽ መጣሽ?» የተነሣውን ልጥፍ አንሥቶ አሸተተው። «ዓሣ ዓሣ ይላል። በቅባት እጅሽ ነው እንዴ የ…»

ጥቅሉን አየ። ከጨርቁ ጫፍ አዲሱ እጅጌ ወጥቶ ይንጠባጠባል።

ዛካር መቀለዱን ተወ። ያን ጊዜ ነው ፊቴን የማደርግበት ያጣሁት። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር፤ ቀልድም ቢሆን እችለው ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በእኔ ጀልባ እንሂድ፣ ሰዉ ይጠብቃል» አለኝና ሕፃኗን ተቀበለኝ። ልብሱን ጨምቄ ነፋስ ላይ ዘርግቼ እንደያዝኩ ደረስን። ክንዴ ዛለ፤ ልብሱ ግን አልደረቀም።

ቤቴ በሰው ሞልቷል። ጸሎቱ አልቆ እኛን ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ቀስ ብዬ ለብቻዬ ላለብሳት አሰብኩ፤ ግን የሚሰጠው በሁሉ ፊት ነው፤ የቤንዚኑም ሽታ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል።

«ልብሱ እርጥብ ነው» አልኩ ወለሉን እያየሁ። «ዛካር ልድፈንልሽ ሲለኝ ጀልባው ሰው ፊት ሲያፈስ እንዳይታይ ብዬ ደብቄ ደፈንኩት። አበላሸሁት። ለአንጋያክ የምሰጠው እርጥብ ልብስ ነው።»

የባሌ አክስት እማማ ማትሮና ከማዕዘኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ ደርቆ ቤት የገባበትን ቀን ታስታውሻለሽ? ጀልባው ማፍሰሱን እኮ ወንዙ ሁሉ ያውቃል። ራሱ ነበር የሚያወራው፤ ‹ዓሣዎቼ እንዳይጠማቸው ነው› እያለ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዛካርም ሳቀ፤ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ለካ ስለዚያ ቀዳዳ ያፈርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንጋያክ ራሱ ስቆበታል።

ሳቃቸው ለእኔ ምሕረት እንደሆነ ገብቶኛል። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም። ተንበርክኬ ልብሱን ማልበስ ጀመርኩ። ትንሿን እጁን በእጅጌው ሳሾልክ ጨርቁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ባሌ በብርድ ተንሰፍስፎ አለቀሰ።