ለእንግዳ የጸዳ ሆድ

ልጆቼ፣ ከሙጃ ከፍ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የሆነውን ላጫውታችሁ።

ላሊበላ ላይ ቢሮ የከፈተ አንድ የሕክምና ምርምር ተቋም የኮሶ ትል ስንቱ ሰው ሆድ ውስጥ እንዳለ ሊያጠና ወደኛ መጣ። ሐናን የምትባል የላቦራቶሪ ባለሙያ በየቤቱ እየዞረች ክዳን ያለው ኩባያ አደለች። በቀጠሮው ቀን ዓይነ ምድራችንን ይዘን ጤና ኬላው እንድንመጣ ነገረችን። ትል የተገኘበት እንክብል ይሰጠዋል፤ የከሳ የደከመውን ደግሞ በመኪና ወስደው ላሊበላ ላይ ሐኪም ያሳዩታል።

ጎረቤቴ ገለቴ ይህን ስትሰማ ልቧ ወደ ልጇ ወደ ፋና ሄደ። ፋና ትበላለች እንጂ ሥጋ አልይዝ ብሏታል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ መሐል ትቀመጣለች።

ነገር ግን የኛ አገር ሰው እንግዳ ሲመጣበት ደጁን ሳይጠርግ አይቀበልም። ገለቴም "ልጄን ትላም ይበሏት?" ብላ ከቀጠሮው በፊት ኮሶ በጥብጣ አጠጣቻት። ልጅቱ ወደ ጓሮ ስትሮጥ ዋለች።

ውጤቱ የሚነገር ዕለት ጤና ኬላው ደጅ ተሰበሰብን። ሐናን ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች።

"ሁላችሁም ነጻ ናችሁ። ወላሂ ገርሞኛል! ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር አንድ እንኳ ይጥፋ?"

"ጨዋ አገር ነዋ!" አለ አያ ጋሻዬ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ።

ባልደረባዋ ሙጂብ ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ። "እንግዲህ እዚህ ሥራ የለንም፤ ወደ ሌላ ቀበሌ እንለፍ።"

"ፋናስ?" አለች ገለቴ። "ላሊበላ አትወስዷትም?"

"ፋና እኮ ነጻ ናት፣ እትዬ። ደስ ይበልዎት እንጂ" አለች ሐናን።

ገለቴ ጎረቤቱን ሁሉ አየች። ብትናገር በቀጣዩ ገበያ ወሬው ሙጃ ይደርሳል። ፋና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

"ኮሶ አጠጥቻታለሁ" አለች ገለቴ።

"ምነው እትዬ? ለምን?"

"ለናንተ ብዬ ነዋ! እንዲያ ያለ ነገር ለእንግዳ ይሰጣል?"

ከኋላ ጎረቤታችን ደሳለ፣ "እኔስ ሰሞኑን በየቁጥቋጦው የከረምኩት ለምን መሰላችሁ?" አለ።

"እርስዎስ፣ አያ ጋሻዬ?" አለች ሐናን።

"አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ እንዲህ ይጠየቃል?" ጺሙን ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። "ሁለት ጊዜ።"

ሙጂብ ሳይቀር ሳቀ። ሐናን ግን ገለቴ አጠገብ ተቀመጠች።

"ኮሶ የትሉን ገላ ያወርደዋል። ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ከቀረ መልሶ ያድጋል፣ እትዬ። ሳይገኝባት እንክብሉን መስጠት አልተፈቀደልኝም። ክረምቱ ሲወጣ እንመለሳለን፤ እስከዚያ ማንም ኮሶ እንዳይጠጣ። ከባሰባት ግን አይጠብቁኝ፣ ይደውሉልኝ" ብላ ስልክ ቁጥሯን ሰጠቻት።

ክረምቱ ለገለቴ ረጅም ነበር። ነሐሴ ላይ ከፋና ዓይነ ምድር ጋር ትሉ እየተቆረጠ ይታይ ጀመር። እናት ይህን እያየች እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ይከብዳታል። አንድ ቀን ኮሶውን መውቀጥ ጀምራ ነበር፤ እጇን እንደማታምነው ገብቷት ከነሙቀጫው አውጥታ ደፋችው።

ጥቅምት ላይ ሐናን መጣች። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየች።

"ተገኝቶባታል፣ እትዬ።"

ገለቴ እልልታዋን አቀለጠችው። በልጅ ሆድ ትል ተገኘ ተብሎ እልል ሲባል እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሙጂብ የመኪናውን በር ከፈተ፤ እናትና ልጅ ወደ ላሊበላ ሄዱ።